ኮሌስትሮል፦ በሰውነት ውስጥ ያለው ጥቅም እና ኮሌስትሮልን የሚቀንሱ መድኃኒቶች

ኮሌስትሮል በደምና በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ሰም መሰል የስብ ዓይነት ነው። ያለ እሱ መኖር አይቻልም። በደም ውስጥ ሲበዛ ግን ለዓመታት ምንም ሳያሳምም የደም ሥሮችን እያጠበበ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይዳርጋል። በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪ በያህና በአካባቢው ከተሞች ብዙ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ማለቱን የሚያውቁት ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ሲመረመሩ ነው። መድኃኒት ታዞላቸው ለአንድና ሁለት ወር ወስደው ውጤቱ ሲስተካከል “ድኛለሁ” ብለው የሚያቆሙም አሉ። ይህ ጽሑፍ ኮሌስትሮል ምን እንደሚሠራ፣ መድኃኒቱ ለማን እንደሚያስፈልግና ለምን በራስ ውሳኔ መቋረጥ እንደሌለበት ያብራራል።

ኮሌስትሮል ለሰውነት ምን ይጠቅማል?

ኮሌስትሮል የሕዋሳት ሽፋን የሚገነባበት ነገር ነው። ሰውነት የወንድና የሴት ሆርሞኖችን፣ ቫይታሚን ዲን እንዲሁም ቅባት ለመፍጨት የሚረዳውን ሐሞት የሚያዘጋጀው ከእሱ ነው። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚያመርተው ራሱ ሰውነት፣ በተለይም ጉበት ነው፤ ከምግብ የሚገኘው አነስተኛው ክፍል ነው። ሥጋና ቅቤ እምብዛም የማይበላ ቀጭን ሰው ኮሌስትሮሉ ከፍ ሊል የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። በዘር የሚተላለፍ የኮሌስትሮል መብዛትም አለ። ከቤተሰብዎ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም የተያዘ ሰው ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

“መጥፎ” እና “ጥሩ” የሚባሉት

ስብ በውኃ ስለማይሟሟ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው በፕሮቲን ተሸካሚዎች ላይ ተጭኖ ነው።

• ኤል ዲ ኤል፦ ኮሌስትሮልን ከጉበት ወደ ሰውነት ያደርሳል። ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይከማቻል። “መጥፎ” የሚባለው ይህ ነው።
• ኤች ዲ ኤል፦ የተረፈውን ኮሌስትሮል ወደ ጉበት ይመልሳል። “ጥሩ” ይባላል።
• ትራይግሊሰራይድ፦ ኮሌስትሮል ሳይሆን ሌላ የደም ስብ ነው። በስኳር፣ በጣፋጭ መጠጥና በክብደት መጨመር ከፍ ይላል።

በደም ሥር ግድግዳ ላይ የተከማቸው ስብ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ በላዩ ላይ ደም ይረጋል። ይህ በልብ የደም ሥር ላይ ከሆነ ሃርት አታክ፣ በአንጎል ከሆነ ስትሮክ ያስከትላል። ከዚያ ቀን በፊት ሰውየው ጤነኛ እንደሆነ ይሰማው ይሆናል። ራስ ምታት፣ ድካም ወይም የደረት መክበድ የኮሌስትሮል መለያ ምልክቶች አይደሉም፤ ማወቅ የሚቻለው በደም ምርመራ ብቻ ነው።

የምርመራ ውጤትን እንዴት እንረዳለን?

በአብዛኛው ላቦራቶሪዎች ውጤቱ በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጻፋል። ለጤነኛ አዋቂ አጠቃላይ ኮሌስትሮል ከ200 በታች፣ ኤል ዲ ኤል ከ100 በታች፣ ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ኤች ዲ ኤል ለወንድ ከ40 በላይ፣ ለሴት ከ50 በላይ ቢሆን ይመረጣል። ውጤቱ በሚሊሞል በሊትር ከተጻፈ የ200 አቻ 5.2 ነው። ስለዚህ ወረቀትዎ ላይ ያለውን ቁጥር ከሌላ ሰው ውጤት ጋር ከማወዳደርዎ በፊት መለኪያውን ይመልከቱ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ሕክምናን አይወስንም። የ30 ዓመት ወጣትና ስኳር፣ የደም ግፊትና ሲጋራ ያለበት የ60 ዓመት ሰው የኤል ዲ ኤል ውጤታቸው አንድ ቢሆን እንኳ አደጋቸው እኩል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሰዎች ያዘጋጀው የአደጋ መለኪያ ሠንጠረዥ ዕድሜን፣ ፆታን፣ ማጨስን፣ የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን አንድ ላይ ያያል። የላቦራቶሪ ምርመራ በሌለበት ደግሞ በክብደትና በቁመት የሚሠራ ሌላ ሠንጠረዥ አለ። ስለዚህ ላቦራቶሪ በሌለበት ከተማ ቢኖሩም በጤና ጣቢያ ግፊትዎንና ክብደትዎን በማስለካት መጀመር ይችላሉ።

“አባቶቻችን ወተትና ሱባግ እየጠጡ ኖረዋል”

ይህ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በታንዛኒያ በሚኖሩ ማሳይ አርብቶ አደሮች ላይ የወጣ ጥናት ምግባቸው ወተትና ሥጋ ሆኖ ሳለ የደም ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ እንደነበር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ብዙ የአካል እንቅስቃሴ ማድረጋቸው ነበር። ከግመሎቹ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ ሰውና በጅግጅጋ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚውል ልጁ ያንኑ ምግብ ቢበሉ ውጤቱ አንድ አይሆንም። በከተማ ደግሞ ምግቡም ተለውጧል፤ በዘይት የተሠራ ሩዝና ፓስታ፣ የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ሐልዋና ስኳር የበዛበት ሻይ ተጨምሯል።

ሱባግ ከግማሽ በላይ ሳቹሬትድ የሚባለው የረጋ ስብ ነው፤ ይህ ስብ ኤል ዲ ኤልን ይጨምራል። የፓልም ዘይት ኮሌስትሮል የለውም፤ ነገር ግን ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ስለሆነ “ከኮሌስትሮል ነፃ” የሚለው ጽሑፍ ሊያሳስት ይችላል። የሚከተሉት ይረዳሉ፦

• ሱባግን በማንኪያ ለክቶ መጠቀም፤ ሙቅማድ ሲበሉ ሥጋውን ከተቀመጠበት ሱባግ አጥልሎ ማውጣት።
• ከተቻለ በፓልም ዘይት ምትክ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት መጠቀም፤ የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግሞ አለመጠቀም።
• ከፍየልና ከበግ ሥጋ ላይ ጮማውን ማንሳት።
• ባቄላ፣ ምስር፣ አጃ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ማዘውተር።
• በሻይ ውስጥ ያለውን ስኳር ደረጃ በደረጃ መቀነስ።
• በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፤ ሲጋራ ማቆም።

ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፤ ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋርም ተያይዟል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ደግሞ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋል።

ኮሌስትሮልን የሚቀንሱ መድኃኒቶች

በቀዳሚነት የሚታዘዙት ስታቲን የሚባሉት ናቸው። አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲንና ሲምቫስታቲን በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። የመጀመሪያውን ስታቲን በ1970ዎቹ ከሻጋታ ውስጥ ያገኘው ጃፓናዊው ሳይንቲስት አኪራ ኤንዶ ነው። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን ኢንዛይም ያግዳል። ምርቱ ሲቀንስ ጉበት የጎደለውን ለማግኘት ኤል ዲ ኤልን ከደም ውስጥ ይስባል፤ የደሙ መጠንም ይወርዳል። አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ኤል ዲ ኤልን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ዋናው ጥቅሙ ቁጥሩን ማሳመር ሳይሆን ሕይወትን ማትረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው በስካንዲኔቪያ አገሮች 4,444 የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ሲምቫስታቲን የወሰዱት ሕሙማን ሞት በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የሚወሰዱት ሰዎች በተለይ እነዚህ ናቸው፦

• ከዚህ በፊት ሃርት አታክ ወይም በደም ሥር መዘጋት የመጣ ስትሮክ የደረሰባቸው፤
• ኤል ዲ ኤላቸው 190 እና ከዚያ በላይ የሆነ፤
• ስኳር ሕመም ያለባቸውና ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ፤
• በአደጋ መለኪያው ከፍተኛ አደጋ ላይ ያሉ።

ስታቲን ብቻውን ካልበቃ ሐኪሙ ከአንጀት የሚገባውን ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ኢዜቲማይብ ሊጨምር ይችላል። ፋይብሬት የሚባሉት መድኃኒቶች በዋናነት በጣም ከፍ ላለ ትራይግሊሰራይድ ያገለግላሉ። በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ውድ ነው።

ቁጥሩ ሲወርድ መድኃኒቱ ለምን አይቆምም?

ቁጥሩ የወረደው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ሲቆም ጉበት ወደ ቀድሞ ምርቱ ይመለሳል፤ በሳምንታት ውስጥም ኤል ዲ ኤል እንደገና ከፍ ይላል። ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ደርሶበት ለሚያውቅ ሰው ማቋረጥ በተለይ አደገኛ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገማል፤ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ትርጉሙ “በዚሁ ይቀጥሉ” ማለት ነው። ገንዘብ ካጠረዎት ከማቆምዎ በፊት ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ይንገሩ፤ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ ተመሳሳይ መድኃኒት ሊኖር ይችላል።

በረመዳን ጾም ስታቲን ማቋረጥ አያስፈልግም፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚወሰድ ከጾሙ ጋር አይጋጭም። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በኢፍጣር ወይም በሱሑር፣ ሲምቫስታቲን ደግሞ ማታ ይወሰዳል። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ስለ ጾሙ ራሱና ስለ ሌሎች መድኃኒቶቻቸው አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው።

የጎንዮሽ ጉዳትና ጥንቃቄ

አብዛኛው ሰው ስታቲንን ያለ ችግር ይወስዳል። የጡንቻ ሕመም ሊያጋጥም ይችላል፤ ቢሆንም ስታቲን ከሚወስዱ ሰዎች የሚሰማው የጡንቻ ሕመም በአብዛኛው ከሌላ ምክንያት የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ከባድ የጡንቻ ሕመምና ድክመት ከጠቆረ ሽንት ጋር ከመጣ፣ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱን አቁመው በአስቸኳይ ይታዩ። የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድልን በጥቂቱ ሊጨምር ቢችልም፣ ለከፍተኛ አደጋ ተጋላጭ ለሆኑ ሰዎች ጥቅሙ ያመዝናል።

የሚከተሉትን ለሐኪምዎ ወይም ለፋርማሲስቱ ሳይናገሩ ስታቲን አይውሰዱ፦

• የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ፤ ሪፋምፒሲን የአቶርቫስታቲንንና የሲምቫስታቲንን ኃይል ይቀንሳል።
• የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን ወይም የፈንገስ ኪኒን እየወሰዱ ከሆነ፤ አንዳንዶቹ ስታቲን በደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲጠራቀም ያደርጋሉ።
• ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስዱ ከሆነ፤ ከእሱ ጋር ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ለማርገዝ ካሰቡ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ።
• የጉበት ሕመም ካለብዎት።

ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርትና አብሽ በምግብነት መልካም ናቸው፤ የስታቲንን ቦታ ግን አይተኩም።

መድኃኒቱን ሲገዙና ሲያስቀምጡ

ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ይግዙ። ድንበር አካባቢ በገበያ ላይ ወይም በኮንትሮባንድ የሚሸጥ ኪኒን በፀሐይ የቆየ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የማብቂያ ቀኑን ያረጋግጡ፤ ማሸጊያውን አይጣሉ። እንደ ሽንሌ ባሉ ሞቃታማ ቆላ ቦታዎች ኪኒኑን በመኪና ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ቀዝቀዝ ባለና ጥላ ባለበት ቦታ ያስቀምጡ። ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ወይም ከከብት ጋር የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበቃ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ለእርስዎ የታዘዘውን ኪኒን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት አያካፍሉ።

ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፤ ከቀዝቃዛ ላብ ጋር የመጣ የትንፋሽ ማጠር፤ የፊት በአንድ ጎን መጣመም፤ የአንድ እጅ ወይም እግር በድንገት መዛል፤ የንግግር መተሳሰር ከታየ እስኪነጋ ወይም “ትንሽ እስኪሻለው” አይጠብቁ። በጅግጅጋ ካራማራ ሆስፒታል ወይም የሼክ ሐሰን የባሬ ሆስፒታል፣ በሌሎች ከተሞች ደግሞ ወደሚቀርብዎ ሆስፒታል ወዲያውኑ ይሂዱ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ሕክምናውን በፍጥነት እንዲወስን ይረዱታል።