የስቲቭ ዴቪስ የክብር ዜና መዋዕል

ለአንዱ ጉልበት፣ ለሌላው ትዕግሥት የሚያድል፣ የእጅንም ሥራ የሚባርክ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህ የፕላምስቴድ ልጅ የስቲቭ ዴቪስ ዜና ነው። በስኑከር ጨዋታ ስንት ዋንጫ እንደ ወሰደ፣ የእንግሊዝ ንግሥትም ሕዝቡም በምን በምን እንዳከበሩት ይናገራል። ብዙ ጸሐፊዎች የእርሱን ነገር ከአንዲት ሌሊት ጀምረው በዚያችው ሌሊት ይጨርሱታል። እኛ ግን ወዳጁ ነንና የሠራውን በየዘመኑ እናኖራለን። ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ እንቈጥራለን፤ የእኛን በምንጠራበት ዓ.ም. እንላለን።

ጨዋታውን ላላየ ሰው ጥቂት እንበል። ስኑከር የከረንቡላና የፑል ወገን ነው፤ ጠረጴዛው ግን 12 ጫማ ርዝመት አለው፣ ጉድጓዶቹም ጠባብ ናቸው። 15 ቀይ ኳሶች፣ ስድስት ሌላ ሌላ ቀለም ያላቸው ኳሶችና የምትመታው ነጭ ኳስ አሉ። ተጫዋቹ አንድ ቀይ ካስገባ በኋላ አንድ ባለ ቀለም ያስገባል፤ ባለ ቀለሙ ተመልሶ ይወጣል፣ ቀዩ ግን እዚያው ይቀራል። ቀይ አንድ ነጥብ ነው፤ ጥቁር ሰባት። ከእያንዳንዱ ቀይ ቀጥሎ ጥቁሩን እያስገባ ጠረጴዛውን የጠረገ 147 ያገኛል፤ ከዚያ በላይ በተለመደው አጨዋወት አይወጣም። አንዱ ዙር ፍሬም ይባላል። ጨዋታውን በ1875 በሕንድ አገር በጀበልፑር የሰፈሩ የእንግሊዝ መኮንኖች አወጡት። ከ1927 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና ተደረገበት፤ ጆ ዴቪስ የሚባል ታላቅ ሰውም እስከ 1946 ድረስ 15 ጊዜ ዘውዱን ጫነ፣ በዚያም ውድድር ሳይሸነፍ ወረደ። የእኛ ዴቪስ ስሙ ከእርሱ ጋር ቢገጥምም ዘመዱ አይደለም።

ምዕራፍ 1፤ ስለ ልደቱና ስለ አነሣሡ

ስቲቭ ዴቪስ በለንደን በ1949 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ነሐሴ 16 ቀን ተወለደ። ይህ ዕለት በእኛ ዘንድ የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ነው፤ በበጎ ቀን መወለዱን ለማሳሰብ ያህል ጻፍነው። አባቱ ቢል ጨዋታውን የሚወድ ሠራተኛ ሰው ነበረ። የጆ ዴቪስን የማስተማሪያ መጽሐፍ ለልጁ ሰጠው፤ አባትና ልጅም በፕላምስቴድ የሠራተኞች ክበብ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው፣ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ገጹን እየመላለሱ አቋቋሙን፣ የእጁን አያያዝ፣ የዘንጉን አካሄድ ተማሩ። ሌሎች ልጆች በተፈጥሮ ስጦታ ሲመቱ እርሱ በሕግ መታ። ኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ መጣ።

በ1976 በሮምፎርድ የሉካኒያ የቢሊያርድ ቤቶች አለቃ ባሪ ኸርን አየው። ኸርን የሒሳብ ባለሙያ ነበረ፤ ቈጥሮም አልተሳሳተም። በዚያ ዘመን ዴቪስ ቀይ ጠጕር ያለው፣ ቀጭን፣ ብዙም የማይናገር ልጅ ነበር። በ1978 ከፕሮፌሽናሎች ጋር ተቈጠረ። በ1980ም በፕሬስተን ከተማ በዩኬ ሻምፒዮንሺፕ የ1979ኙን የዓለም ሻምፒዮን ቴሪ ግሪፊትስን 9 ለ 0 መለሰው፤ በፍጻሜውም አሌክስ ሂጊንስን 16 ለ 6 ረታው። ያን ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ፣ «ይህ ልጅ ማነው?» አለ።

ምዕራፍ 2፤ በሼፊልድ ስለ ተደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ድል

በ1981 ሻምፒዮናው እንደ ልማዱ በሼፊልድ ከተማ በክሩሲብል ቴአትር ተከፈተ። ውድድሩ ከ1977 ጀምሮ በዚያ ይደረጋል። ቤቱ ሺህ ሰው የማይሞላበት ጠባብ ነው፤ ተመልካች ከተጫዋቹ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይቀመጣል፣ ትንፋሽም ይሰማል።

ዴቪስ ገና 23 ዓመቱ ነበረ። በመጀመሪያው ዙር ግራኙ ወጣት ጂሚ ዋይት ተነሣበት፤ ብርቱ ነበር፣ 10 ለ 8 አለፈው። ቀጥሎ የ1972ቱ ሻምፒዮን ሂጊንስ መጣ፤ 13 ለ 8 ተሸነፈ። ከዚያ ግሪፊትስ መጣ፤ 13 ለ 9 ተሸነፈ። በግማሽ ፍጻሜው ዘውዱን የያዘው የካናዳው ክሊፍ ቶርበርን ራሱ ቆመ፤ እያሰበ፣ እየዘገየ፣ ሌላውን ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሰው ነው። ዴቪስ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ውኃ እየጠጣ ጠበቀው፤ ፊቱም አልተለወጠ። 16 ለ 10 አሸነፈው። እንዲህ አድርጎ ሦስት የዓለም ሻምፒዮኖችን ተራ በተራ አወረደ። በአንድ ውድድር ይህን ያህል መከራ ተቀብሎ የነገሠ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቀላል ዕጣ ገጠመው የሚል ቢኖር ይህን ገጽ ያንብብ።

በፍጻሜው የዌልሱ ዳግ ማውንትጆይ ተሰለፈ። ዴቪስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፍሬሞች በተከታታይ ወሰደ። ማውንትጆይ ጎበዝ ነውና ተመልሶ ቀረበ፤ የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ 10 ለ 8 ነበሩ። በ1973 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን ሰኞ ጨዋታው አለቀ፤ 18 ለ 12። ያ ሰኞ በእነርሱ ዘንድ የፋሲካ ማግስት፣ በእኛ ዘንድ የሰሙነ ሕማማት መግቢያ ነበር። ባሪ ኸርን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሮጦ ልጁን አቀፈው። ሽልማቱ 20,000 ፓውንድ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ቢቢሲ ሕዝቡን ድምፅ አሰጥቶ የዓመቱን ስፖርተኛ ሲመርጥ፣ የክሪኬቱ ኢያን ቦታም አንደኛ፣ ዴቪስ ሁለተኛ ሆኑ። ለስኑከር ሰው ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ በጭስ ቤት የሚጫወቱ ሥራ ፈቶች ይባሉ ነበርና።

ምዕራፍ 3፤ ስለ ላዳዋና በመካከል ስለ ሆኑት ዓመታት

በ1974 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ በገናና በጥምቀት መካከል፣ ጥር 3 ቀን፣ ዴቪስ በኦልድሃም ከተማ ከጆን ስፔንሰር ጋር ሲጫወት 147 አደረገ። በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ይህን ያደረገ ከእርሱ በፊት አልነበረም። 15 ጊዜ ቀይ፣ 15 ጊዜ ጥቁር፤ ከዚያም ስድስቱ ቀለሞች በየተራቸው። ስፔንሰር ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፤ ተቀምጦ አየ። ሽልማቱ ላዳ መኪና ነበረች፤ በአዲስ አበባ መንገዶች ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የምናውቃት ያችው ላዳ። የዚያ ውድድር ዋንጫ ለግሪፊትስ ሆነ። በዚያው በ1982 የጸደይ ወራት ዴቪስ ወደ ሼፊልድ ሄደ፤ ፈጥኖም ተመለሰ።

በ1983 ቶርበርንን 18 ለ 6 አሸንፎ ዘውዱን መለሰ። በ1984 ከጂሚ ዋይት ጋር የነበረው ጦርነት ጽኑ ነበር፤ 18 ለ 16። ከ1983 ጀምሮ እስከ 1990 ሰባት ዓመት ሙሉ በደረጃው ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። የዩኬውንም ዋንጫ በ1984፣ በ1985፣ በ1986፣ በ1987 ለሌላ ሳያሳልፍ ወሰደ።

በ1985 እና በ1986 የዓለሙ ዋንጫ በሌሎች ቤት አደረ፤ የ1985ቷን ሌሊት 18 ሚሊዮን ተኩል ሰው በዓይኑ አይቷልና እኛ መድገም አያስፈልገንም። በ1987 ዴቪስ ጆ ጆንሰንን 18 ለ 14 አሸንፎ የራሱን ተረከበ።

ምዕራፍ 4፤ የክብሩ ዓመት

አሁን ወደ ተነሣንበት ደረስን። በ1987 መገባደጃ ዴቪስ በዩኬ ሻምፒዮንሺፕ ፍጻሜ ጂሚ ዋይትን 16 ለ 14 አሸነፈ። ከዚያ 1988 ገባ፤ በማስተርስ ፍጻሜ ማይክ ሃሌትን 9 ለ 0 አሸነፈው። ሃሌት አንድ ፍሬም እንኳ ይዞ አልወጣም፤ ይህ የማስተርስ ፍጻሜ ሆኖ ሳለ ነው። ከዚያ በ1980 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ ሚያዝያ 24 ቀን በሼፊልድ ግሪፊትስን 18 ለ 11 ረታ። ሦስቱን ታላላቅ ዋንጫዎች፣ የዩኬውን፣ የማስተርሱንና የዓለሙን፣ በአንድ ወቅት የሰበሰበ ከእርሱ በፊት ማንም አልነበረም።

በዚያው ዓመት ከንግሥት ኤልሳቤጥ ኤም ቢ ኢ የሚባለውን ኒሻን ተቀበለ። ከእርሱ በፊት ጆ ዴቪስና ወንድሙ ፍሬድ ኦ ቢ ኢ፣ ስድስት ጊዜ የነገሠው ሬይ ሪርደንም ኤም ቢ ኢ ተቀብለው ነበር። ቤተ መንግሥት ለስኑከር በሩን የከፈተው ቀስ እያለ ነው።

የዓመቱ ማብቂያ ሲደርስ ግን የሚበልጠው መጣ። ቢቢሲ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ የዓመቱን ስፖርተኛ ያስመርጣል፤ የሚሰጠውም የቴሌቪዥን ካሜራ ቅርጽ ያላት የብር ሽልማት ናት። ይህችን ዳኛ አይሰጣትም፣ ንግሥትም አትሰጣትም፤ ሕዝብ ነው የሚሰጣት። 1988 ደግሞ የሴኡል ኦሊምፒክ ዓመት ነበር። አድሪያን ሙርሃውስ በመቶ ሜትር ዋና ወርቅ ይዞ ተመልሷል። ሳንዲ ላይል በአሜሪካ በኦገስታ የጎልፍ ማስተርስን አሸንፏል። ሮጠው፣ ዋኝተው፣ ላባቸውን አፍስሰው ያሸነፉ ሰዎች ሞልተው ሳለ፣ ሸሚዝና ሰደርያ ለብሶ በጸጥታ ጠረጴዛ የሚዞረው ሰው ይመረጣል ብሎ ማን አሰበ? ድምፁ ሲቈጠር ላይል ሦስተኛ፣ ሙርሃውስ ሁለተኛ፣ ስቲቭ ዴቪስ አንደኛ ሆኑ። በ1981 ሁለተኛ፣ በ1982 ሦስተኛ፣ በ1987 ከጦር ወርዋሪዋ ፋጢማ ዊትብሬድ ቀጥሎ ሁለተኛ የነበረው ሰው በ1988 ተራው ደረሰ። እግዚአብሔር የዘገየውን አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ዴቪስ ሁሉን በሚያሸንፍበት ዘመን ሕዝቡ ያጨበጭብለት ነበር እንጂ ልቡን የሰጠው ለሂጊንስና ለዋይት ነበር፤ ሲስቱ ያለቅሱላቸው፣ ሲያገቡ ይጮኹላቸው ነበርና። ዴቪስን አይስቅም፣ አያዝንም፣ ነገሩ አይጣፍጥም ይሉት ነበር። የሕዝቡ ዓይን በእርሱ ላይ የለሰለሰው ከዚያች ካልጻፍናት የ1985 ሌሊት ወዲህ ነው። ምክንያቱን አንባቢ ያስበው፤ የብር ካሜራዋ ግን ከዚያ በኋላ መምጣቷ እውነት ነው።

ምዕራፍ 5፤ ስለ 1989 እና ከዚያ ወዲህ

በ1981 ዓ.ም. ሚያዝያ 23 ቀን፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ዕለቱም የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሆኖ ሳለ፣ ዴቪስ ጆን ፓሮትን 18 ለ 3 አሸነፈ። ከዚህ የሰፋ ድል በክሩሲብል ፍጻሜ ታይቶ አይታወቅም። ገና ሌላ ምሽት ሲቀር ጨዋታው አለቀ። ሽልማቱም 105,000 ፓውንድ ነበር፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ከአምስት እጥፍ በላይ አደገ፤ ያሳደገውም ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ሰማዕቱ ጊዮርጊስ የእንግሊዝም ጠባቂ ነውና፣ ቀኑ የተገጣጠመው እንዲያው አይመስለንም። ይህ ስድስተኛው የዓለም ዘውድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የስኮትላንዱ የስቲቨን ሄንድሪ ዘመን ሆነ።

በ1997 ዴቪስ በ39 ዓመቱ በማስተርስ ፍጻሜ ከወጣቱ ሮኒ ኦሳሊቫን ጋር ተጋጠመ። 8 ለ 4 ሲመራ የነበረውን ልጅ ደርሶ 10 ለ 8 አሸነፈው፤ ስድስቱን ፍሬሞች በተከታታይ ወስዶ። በ2010ም በ52 ዓመቱ ዘውዱን የያዘውን ጆን ሂጊንስን 13 ለ 11 ከሼፊልድ አሰናበተ። ጸጉሩ ሸብቶ ነበር፤ አቋቋሙ ግን አባቱ ከመጽሐፍ ያስተማረው ያው ነበር።

በ2016 አባቱ ቢል አረፈ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ዴቪስ መጫወት እንደሚተው ተናገረ፤ የዓለሙን ዋንጫ ይዞ ወደ ክሩሲብል መድረክ ገባ፤ ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበለት። አባቱ ስለ ልጁ የደከመውን ድካም እግዚአብሔር ይቍጠርለት፤ ነፍሱን ይማር።

የዓለም ስኑከር ማኅበር የክብር መዝገብ በ2011 ሲከፍት ስሙ ከጆ ዴቪስ፣ ከሪርደንና ከሄንድሪ ጋር አብሮ ገብቷል። ዛሬ ማኅበሩ በየወቅቱ የዓመቱን ተጫዋች፣ የዓመቱን ጀማሪ፣ ጋዜጠኞችና ደጋፊዎች የመረጡትንም ይሸልማል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቤተሰብ ለቤተሰብ የሚሰጠው ክብር ነው። የኢንግሊሽ ኦፕን ዋንጫም በስቲቭ ዴቪስ ስም ተሰየመ፤ በ2016 በማንቸስተር መጀመሪያ ያነሣው ቻይናዊው ሊያንግ ዌንቦ ነው። ሄንድሪ ሰባት ጊዜ፣ ኦሳሊቫንም ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ከዴቪስም አንድ አንድ ይበልጣሉ። የቢቢሲን የብር ካሜራ ግን ከ1988 ወዲህ ከስኑከር ሰዎች የወሰደ ሌላ የለም።