ውሻ በሰው ላይ እንዳይዘል ስለማሠልጠን

በአብዛኛው የመኖሪያ ግቢ ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው። በዚህም ምክንያት ባለቤቶች ይበልጥ የሚያሳስባቸው ውሻው በባዕድ ሰው ላይ መጮኹ እንጂ ቤተሰብንና እንግዳን እንዴት እንደሚቀበል አይደለም። ይሁን እንጂ ክፋት የሌለውና በደስታ ብቻ የሚዘል ውሻም ጉዳት ያደርሳል። አንዲት አረጋዊት ከበር ደረጃ ላይ ተገፍተው ቢወድቁ የዳሌ አጥንታቸው ሊሰበር ይችላል። ሕፃን ልጅ ደግሞ የውሻው ጥፍር ፊቱ ላይ ሊያርፍበት ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠ መሆኑም ከኃላፊነት አያድንም። ስለዚህ «ሊጫወት ነው እንጂ አይነክስም» የሚለው የተለመደ ማረጋገጫ ለእንግዳውም ሆነ ለባለቤቱ በቂ አይደለም።

ውሻ የሚዘለው ወደ ሰው ፊት ለመድረስ ነው። ቡችሎች ከውጭ የምትመለስ እናታቸውን አፏን እየላሱ ይቀበላሉ፤ የሰው ፊት ግን ከፍ ያለ በመሆኑ መዝለል ያስፈልጋል። ቡችላው ሲዘል ቤተሰቡ ይስቃል፣ ያቅፈዋል፣ ይደባብሰዋል። ቡችላ ሳለ የተወደደለት ይኸው ልማድ 30 ኪሎ ግራም ሲመዝን ያስቆጣል፤ ውሻው ግን ደንቡ መለወጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ መጮኽና በእጅ መግፋት ነው። ይህ ውጤት የማይሰጠው ውሻው መገፋትን እንደ ጨዋታ፣ ጩኸቱንም እንደ መልስ ስለሚቆጥረው ነው። ደረቱን በጉልበት መምታት ወይም እግሩን መርገጥ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ የሰው መቅረብ ሕመም እንደሚያስከትል የተማረ ውሻ ከመዝለል ወደ መንከስ ሊሸጋገር ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ውሻው በመዝለል የሚፈልገውን እንዳያገኝ፣ አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ ግን ወዲያውኑ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ውሻው ሲዘል ሳይናገሩ፣ ዓይኑን ሳያዩ፣ እጅን አጣጥፈው ጀርባ መስጠት ያስፈልጋል። ሲወርድ በለሰለሰ ድምፅ ማመስገንና ትንሽ ምግብ ዝቅ አድርጎ መስጠት ይገባል፤ ምግቡ ከፍ ብሎ ከተሰጠ እንደገና እንዲዘል ይጋብዘዋል። ከዚሁ ጎን ለጎን መቀመጥን ማስተማር ጠቃሚ ነው፤ የተቀመጠ ውሻ ሊዘል አይችልምና። ምግቡን ከአፍንጫው በላይ ይዘው በዝግታ ወደ ራሱ ጀርባ ሲወስዱት ውሻው አንገቱን ቀና ሲያደርግ ኋላው ይቀመጣል፤ በዚያች ቅጽበት «ተቀመጥ» ብሎ ምግቡን መስጠት ነው። በቀን ውስጥ ደጋግሞ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ማለማመድ ከአንድ ረጅም ልምምድ ይሻላል።

ለሽልማት ጥቂት የዳቦ ቁራጭ ወይም የበሰለ ሥጋ ይበቃል። በበዓል እርድ ወቅት ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር የተለመደ ቢሆንም ሊቀር ይገባል፤ ውሻው በዚህ መንገድ የሚይዘው የትል ዓይነት እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ሲተላለፍ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያስከትላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝለሉ ሊብስ ይችላል። ቀድሞ ያገኝ የነበረውን መልስ ያጣ ውሻ አጥብቆ ይሞክራልና። በዚህ ወቅት ተስፋ ቆርጦ አንድ ጊዜ እንኳ መደባበስ፣ ብርቱ ዝላይ እንደሚያዋጣ ማስተማር ይሆናል። በተግባር እንደሚታየው ሥልጠናውን ይበልጥ የሚያበላሸው የቤተሰቡ አለመስማማት ነው፤ አባት ጀርባ ሲሰጡ ልጆች የሚያጫውቱት ከሆነ፣ ወይም ዘበኛው «ተቀመጥ» ሲለው ሌላው «ውረድ» የሚለው ከሆነ ውሻው ግራ ይጋባል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻም ሲፈታ አለመዝለሉ የሚጠበቅ አይደለም፤ በየቀኑ በማሰሪያ ይዞ ማንሸራሸር ያስፈልጋል።

እንግዳ ሲመጣ ውሻውን በአጭር ማሰሪያ መያዝና እንግዳው የሚቀርበው ውሻው ሲቀመጥ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ይገባል። ሰው የሚበዛበት የሠርግ ወይም የለቅሶ ቀን የሥልጠና ቀን አይደለም፤ ውሻውን ውኃ ባለበት የተለየ ስፍራ ማቆየት ይሻላል።

ሲቀርቡት ሰውነቱን የሚያደርቅ፣ የሚያጉረመርም ወይም ከዚህ ቀደም የነከሰ ውሻ በዚህ መንገድ ብቻ አይታረምም፤ የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ ወይም መዋጥ የተሳነው ውሻ ሲያጋጥም ሳይቀርቡ በአቅራቢያ ለሚገኝ የእንስሳት ጤና ተቋም ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዕድሜው ሦስት ወር ለሞላው ቡችላ ይሰጣል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ውሻ ነክሶ ወይም በጥፍሩ ቧጭሮ ከሆነ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ መዘግየት አይገባም። ውሻው ጤናማ ከመሰለ ሳይገደል ለ10 ቀናት ታስሮ ሊታይ ይገባል። ወደ ጤና ተቋሙ ሲሄዱ የውሻው የክትባት ካርድ ካለ ይዘው ይሂዱ።