ከተደፋው ጣሳ ሥር፦ የብቸናና የሞጣ ጠላ ቤቶች ወግ



ዛሬ ይዣችሁ የምገባው ጠላ ቤት ነው። «ታሪክ እጽፋለሁ ብላ ጠላ ቤት ገባች» ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። ስለ ጎጃም ያነበብኳቸው መጻሕፍት ቤተ መንግሥት አስገብተውኛል፣ ደብር አስገብተውኛል፣ ጦር ሜዳም ወስደውኛል። ጠላ ቤት ይዞኝ የገባ ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔው ልግባ አልኩ።

ያለነው ብቸና ከተማ መሀል ነው፤ ቀኑም የገበያ ቀን። አህያው፣ ባጃጁ፣ ጤፍ የጫነው አይሱዙ፣ የሞባይል ካርድ ሻጩ... ሁሉም በአንድ መንገድ ይጋፋል። ከሱቆቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቅያስ ግን አንድ ቀጭን እንጨት ቆሟል። ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። «ጠላ ደርሷል፣ ግቡ» ማለት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ በሕግ ተከልክሏል። ጣሳው ግን የሬዲዮም የቴሌቪዥንም ዕዳ የለበትም!

ጎንበስ ብላችሁ ትገባላችሁ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አፍንጫችሁ ይቀድማል፤ የወይራ ጢስ፣ ጌሾ፣ የተቆላ እህል። ግድግዳውን ተከትሎ የጭቃ መደብ ይዞራል። አንድ ገበሬ ዱላቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰብስበው «ነይ፣ እዚህ ጠጋ በይ ልጄ» አሉኝ። ከእሳቸው ጎን አስተማሪ፣ ከአስተማሪው ጎን ጫኝና አውራጅ፣ ከዚያ ወዲያ ጡረታ የወጡ አዛውንት። ሴት ልጅ ብቻዋን ገብታ ስትቀመጥ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሁሉም ያያል፤ ከዚያ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። የቤቷ ባለቤት፣ ሁሉም «እታለም» የሚላት፣ መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ ቀዳችልኝ። ቆሎም በሰፌድ መጣ። ሒሳብ ስጠይቅ ደነገጥኩ። አዲስ አበባ ለአንድ ማኪያቶ ከምከፍለው ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ነው የዛሬው ጥያቄ የመጣልኝ። ከተማ መሀል፣ ገበያው አፍ ላይ፣ ሰው እንደ ልቡ ተቀምጦ የሚያመሽበት ቤት እንዴት ይህን ያህል ርካሽ ሊሆን ቻለ? ቀሪውን ማን እየከፈለልን ነው?

በመዳፍ ከመቅመሷ እንጀምር። የቆየ ወግ ነው። በድሮ ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይጠጣ ነበር፤ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫው ነው። እታለም የምትመርዘው ጌታ የላትም፣ ወጉ ግን ከአዳራሽ ወርዶ መደብ ላይ ቀርቷል። መጠጦቹም እንዲሁ በደረጃ የተከፈሉ ነበሩ። ጠጅ ለብዙ ዘመን የጌቶች ነበር። ማሩ በግብር መልክ ከገበሬው ወደ ገዢው ይሄዳል፣ ጠጅ ሆኖ በአዳራሽ ይጠጣል። ለገበሬው የቀረለት ጠላ ነው። ጠላም ቢሆን የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር፣ ለማኅበር፣ ለደቦ ይጠመቃል። የሚጠጣውም ተጠርቶ ነው። ጠላን ሸቀጥ ያደረገው ገበያና ከተማ ነው።

ለምሳሌ ሞጣን ውሰዱ። ከተማዋ የተሰበሰበችው በሞጣ ጊዮርጊስ ዙሪያ ነው። ደብሩን በ18ኛው መቶ ዘመን ያስተከለችው ሴት ናት፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የጎጃሙ ገዢ የራስ ኃይሉ እናት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል። ደብር ባለበት ካህን አለ፣ የቆሎ ተማሪ አለ፣ ባለጉዳይ አለ፤ ገበያ ይቆማል። ከሞጣ ወደ ዓባይ ገደል ስትወርዱ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ፤ ሰው ለስንት ዓመት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሮበታል። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ነጋዴና መንገደኛ ማረፊያ ይፈልጋል። ሆቴል ደግሞ አልነበረም። የነበረው የሴት ቤት ነው።

ሴቷስ ከየት መጣች? በጎጃም ርስት ለወንድም ለሴትም ይደርስ ነበር፤ በወጉ እውነት ነው። ሞፈርና ቀንበሩ ግን የወንድ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት በሬና አራሽ ከሌላት መሬቷን ለሌላ በእኩል ሰጥታ ከምርቱ የደረሳትን ትወስዳለች፤ እሱ ካልበቃት ወደ ከተማ ትመጣለች። ስትመጣ የያዘችው ካፒታል አንድ ብቻ ነው፤ ከእናቷ የተማረችው ጠላ መጥመቅ። ጋን ትገዛለች፣ አንድ ክፍል ትከራያለች፣ እንጨት አቁማ ጣሳ ትደፋበታለች። ብቸናንም ሞጣንም ከተማ ካደረጓቸው ንግዶች አንዱ ይህ ነው። ሞጣን ከላይ የመሠረተቻት ልዕልት በታሪክ ተጽፋለች፤ ከታች ያቆሟት ሴቶች ግን ስማቸው ያለው በደንበኞቻቸው አፍ ብቻ ነው።

እነዚህ ቤቶች ወሬ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ነበሩ። ዋናው ወሬ አመላላሽ ደግሞ አዝማሪ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። እስቲ አስቡት፣ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ያለው ጦር መሰንቆ የያዘ ሰው ፈራ! ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። አዝማሪ በአንድ ምሽት ሰላሳ ሰው ፊት የገጠመው ነገር በማግስቱ ሰላሳ መንደር ይደርሳል። ጋዜጣውም ሬዲዮውም እሱ ነው፤ ማሠራጫው ደግሞ መጠጥ ቤት።

ብቸና ደግሞ የበላይ ዘለቀ አገር ናት። አባ ኮስትር በላይ ጣሊያንን የተዋጋው በዚህ በምሥራቅ ጎጃም ምድር፣ የዓባይን በረሃ ተገን አድርጎ ነው። ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ብቸናን ተሾመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጣላና ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በንጉሡ መንግሥት የተሰቀለ ሰው ታሪክ በዚያው መንግሥት ዘመን በአደባባይ እንደ ልብ አይወራም። በለቅሶ፣ በሠርግና በመደብ ላይ ግን ይወራል። እኔ ራሴ ስለ በላይ መጀመሪያ የሰማሁት ከአስተማሪ አይደለም፤ ከአያቴ ደንበኞች ነው። (አያቴን ቆይቼ አስተዋውቃችኋለሁ።)

በ1960 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። የጎጃም ገበሬ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ። ሞጣና ብቸና የዓመፁ ዋና ማዕከላት ከነበሩት አውራጃዎች መካከል ናቸው። መንግሥት ጦር ላከ፣ በአውሮፕላን ጭምር ደበደበ፤ በመጨረሻ ግን ግብሩን በጉልበት ማስከፈል አልቻለም። ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። ሬዲዮ ብርቅ በሆነበት፣ ስልክ በሌለበት አገር ያን ያህል ገበሬ በአንድ ቃል የቆመው እንዴት ነው? እኔ ሳስበው መልሱ ሩቅ አይደለም። ሰው ወሬ የሚቀያየረው ገበያ ላይ ነው፤ ገበያ ደግሞ የሚያልቀው ጠላ ቤት ነው።

አሁን ወደ ርካሽነቱ እንመለስ። ደርግ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በሁለተኛው አዋጅ ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራያቸውም እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። እናም በአንዲት ክፍል ተከራይታ የምትጠምቅ ሴት አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ አከራይዋ ቀበሌ ሆነ። ኪራዩም ለአሠርት ዓመታት ከነበረበት ብዙም ሳይነቃነቅ ቆየ። በከተማ መሀል ርካሽ ጠላ የተጠጣበት ግማሽ ምሥጢር ይኸው ነው፤ የቀበሌ ቤት።

ሌላው ግማሽስ? እሱ የአያቴ ወገብ ነው።

አያቴ ብቸና ውስጥ ጠላ ትሸጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። «የጠላ ሻጭ ልጅ» ስድብ ነዋ! እናቴ በልጅነቷ ያን ስድብ ጠግባዋለች። አያቴ ግን በዚያው በሚሰደበው ጠላ ልጆቿን አስተማረች፤ ልጇ እኔን አስተማረች፤ እኔ ይኸው ጋዜጠኝነት ተምሬ ለእናንተ እጽፋለሁ።

ሥራውን በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ገብሱ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ደርቆ ብቅል ይሆናል። ጌሾው ይደርቃል፣ ይወቀጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ብቅልና ጌሾው ይጠነሰሳል። ዱቄቱ ረጥቦ በምጣድ ይቆላና እንኩሮ ይሆናል፤ ይህ ጭሱ ዓይን የሚያወጣው ሥራ ነው። ከዚያ ይደፈደፋል፣ ውሃ ይሞላበታል፣ የጋኑ አፍ ይከደናል። ውሃው ከወንዝ በእንስራ፣ እንጨቱ በሸክም ነው። ጠላው ሲደርስ ጥሩው ለገበያ፣ መጨረሻ ላይ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቅራሪ ለእኛ ለልጆች። ማታ ደግሞ ሰካራም መሸኘት፣ ዱቤ መቁጠር፣ እጁ የማያርፍ ወንድ መገሠጽ አለ። ጠላ ቤትን እንደ ገነት ልሥልላችሁ አልፈልግም፤ የሚስቱን አስቤዛ እዚያ ጠጥቶ የሚገባ ወንድም ነበረ።

ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ቀን እንደ ጋዜጠኛ ልጠይቃት አልኩና «እማማ፣ ለምን ዋጋ አትጨምሪም ነበር?» አልኳት።

«ታዲያ ድሀ የት ይጠጣ ልጄ?» አለችኝ።

«የእህሉን፣ የጌሾውን፣ የእንጨቱን ሒሳብ ትይዢ ነበር?»

«እንዴታ! ሳልይዝ?»

«የጉልበትሽንስ?»

ሳቀችብኝ። «ጉልበት ደግሞ ምን ሒሳብ አለው?»

ወዳጆቼ፣ ርካሽ ጠላ ማለት ይኸው ነው። የቢራ ፋብሪካ፣ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ካለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ 1992ቱ የጎንደር ዳሸን ድረስ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ፣ የመኪናውን ነዳጅ፣ የመንግሥትን ቀረጥ ሁሉ ደምሮ ነው ዋጋ የሚያወጣው። አያቴ ግን ትልቁን ወጪ ሳትደምር ሸጠች። ቀሪውን እየከፈለችልን የኖረችው እሷ ነበረች።

አሁን ሁለቱም ምሥጢሮች እየሄዱ ነው። እስቲ ለአፍታ አዲስ አበባን እንያት። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። ከካዛንቺስ ጋር የአዝማሪ ቤቶቹ ሄዱ፤ ፈንድቃም ከነበረበት ቤት ለቀቀ። የፈረሱት ብዙዎቹ ቤቶች ያረጁ፣ የተጨናነቁ፣ በቂ መጸዳጃ የሌላቸው ነበሩ፤ ናፍቆት ይዞኝ ይህን አልክድም። ግን የቀበሌ ኪራይ ሲሄድ ርካሹ ብርጭቆ አብሮ ይሄዳል። በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ለጠላ ጋን የሚሆን ኪራይ ማን ይችላል?

ብቸናና ሞጣ ደግሞ የራሳቸው ጭንቀት አለባቸው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው በጊዜ ቤቱ የሚከተትበት ጊዜ ብዙ ሆነ። ገበያተኛው ካልመጣ ጠላው ይኮመጥጣል። ጠላ እንደ ቢራ ቆርኪ ተደፍኖበት ወር አይጠብቅም። የአንዲት ሴት የሳምንት ልፋት በአንድ የተዘጋ መንገድ ይደፋል። የእህል ዋጋም ሲንር መጀመሪያ የሚነካው የእሷን ጋን ነው። የእታለም ልጆች ደግሞ ጥምቀቱን መማር አይፈልጉም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም አልተማርኩም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ ትልቅ መፍትሔ የለኝም። ከእታለም ቤት ስወጣ ግን አንድ ነገር አደረግሁ። መልሱን አልቀበልም አልኳት። ተቆጣች። «ምን አድርጌልሽ ነው?» አለች። «የጉልበትሽ ነው» አልኳት። እንደ አያቴ ሳቀች፣ መልሱን በግድ እጄ ላይ አስጨበጠችኝና በላዩ አንድ እፍኝ ቆሎ ጨመረችበት።

እናንተም የተደፋ ጣሳ ስታዩ ጎንበስ ብላችሁ ግቡ። ጠላውን ስትጨርሱ ባለቤቷን ከየት እንደመጣች፣ መቼ መጥመቅ እንደጀመረች፣ ስንት ልጅ እንዳሳደገችበት ጠይቋት። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል አይደል? ቅዱት። የብቸና ታሪክ በላይ ዘለቀ ብቻ፣ የሞጣም ታሪክ ወለተ እስራኤል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።

ቸር እንሰንብት።