ርዳታም ሚዛን ይፈልጋል

ለድኻ መስጠት በጎ ሥራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን የሰጠነው ነገር ለተቀባዩ በእርግጥ ጠቅሞታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሰጪው በመስጠቱ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ተቀባዩም አፍሮ ወይም ፈርቶ፣ አመስግኖ ዝም ይላል። እንዲህም ሆኖ የአገር ገንዘብ ለብዙ ዘመን ሲፈስ ድኻው በነበረበት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሰዎች ርዳታን መመዘን እንዴት እንደ ተማሩ የሚናገረውን ታሪክ ባጭሩ ላጫውትህ። ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ መመዘኑ ለምን እንደሚያስቸግር እንመልከት። አንድ መንግሥት ለአንድ መንደር ድኾች ገንዘብ ቢሰጥና በዓመቱ ኑሯቸው ቢሻሻል፣ ያሻሻለው ገንዘቡ ነውን? ወይስ በዚያ ዓመት ዝናቡ ስለ ሠመረ ነው? የተቀበሉትን ካልተቀበሉት ጋራ ብናስተያይም ገና አይበቃም፤ ምክንያቱም ለመቀበል ቀድሞ የመጣው ሰው ምናልባት ከጎረቤቱ ይልቅ ትጉህ ነው፤ ወይም ከሹሙ ጋራ ይዛመዳል። እንግዲህ ልዩነቱ ከርዳታው ይምጣ ከሰውየው ይምጣ ማን ይለያል?

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ዕጣ ነው። ብዙ መንደሮች ተወስደው የትኞቹ ቀድመው እንዲቀበሉ በዕጣ ቢወሰን፣ ትጉሁና ሰነፉ፣ ዝናብ ያገኘውና ያጣው በሁለቱም ወገን ተመዛዝኖ ይገኛል። ዕጣ ዘመድ አያውቅም፤ ፊት አይቶም አያደላም። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጎልቶ የሚታየው ልዩነት ከርዳታው የመጣ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ ዘዴ አስቀድሞ የሐኪሞች ነበረ። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም፣ ድድ እያደማ መርከበኞችን የሚገድለውን በሽታ ለማከም 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ዓይነት መድኃኒት ፈተነ። ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ፈጥነው ዳኑ። ሊንድ ዕጣ አላወጣም፤ ቢሆንም ነገሩን በማስተያየት የመረመረ ሰው ነበረ። ያገኘው እውነት ግን ቶሎ አልተሰማም፤ ባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ እንዲሰጥ ያዘዘው በ1795 ነው። በ1948 ደግሞ የእንግሊዝ ሐኪሞች ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ በዕጣ ፈትነው ውጤቱን አሳተሙ። መድኃኒቱ ለሁሉ የሚበቃ አልነበረምና ለ55 ሕሙማን ተሰጠ፤ 52ቱ እንደ ቀድሞው በዕረፍት ታከሙ። በስድስት ወር ውስጥ ከፊተኞቹ 4፣ ከኋለኞቹ 14 ሰዎች ሞቱ።

ድኽነትን በዚህ ሚዛን ከመዘኑት መንግሥታት መካከል የሜክሲኮው ታሪክ እጅግ ያስተምራል። በ1994 መጨረሻ የሜክሲኮ ገንዘብ ዋጋው ወደቀ፤ የሕዝቡም ኑሮ ተናጋ። መንግሥቱ የበቆሎ ቂጣና የወተት ዋጋ እንዲረክስ ያወጣው የነበረው ገንዘብ ግን አብዛኛው በከተማ የሚቀር ነበረ፤ በገጠር ያለው ብርቱ ድኻ አያገኘውም። በ1997 በፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ዜዲዮ ዘመን፣ የገንዘብ ምክትል ሚኒስትሩ ሳንትያጎ ሌቪ ካሰቡበት በኋላ ፕሮግሬሳ የተባለው አዲስ ሥራ ተጀመረ። ገንዘቡ የሚሰጠው በእናት እጅ ነው፤ እርስዋም በፈንታዋ ልጆቿን ትምህርት ቤት ትልካለች፤ ቤተሰቧንም በየጊዜው ታስመረምራለች። በሁለተኛ ደረጃ ለሚማሩ ሴቶች ልጆች የሚከፈለው ከወንዶቹ በለጥ ያለ ነበረ።

መንግሥቱ ግን ባንድ ጊዜ ለገጠሩ ሁሉ የሚያዳርስበት ዐቅም አልነበረውም። ስለዚህ 506 መንደሮች ተመርጠው፣ 320ዎቹ በ1998 እንዲጀምሩ፣ 186ቱ ደግሞ እስከ 1999 መጨረሻ ግድም እንዲቆዩ በዕጣ ተለየ። ይህን ነገር ከእኛ ዕቁብ ጋራ አስተያየው። በዕቁብ ዕጣ የሚወስነው ማን እንደሚቀድም ነው እንጂ ማን እንደሚቀር አይደለም፤ ሁሉም በተራው ይደርሰዋል።

ምርመራው ምን አሳየ? ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ ልጆች በዙ፤ ይልቁንም ሴቶቹ። የሕፃናትም ሕመም ቀነሰ። ነገር ግን መርማሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የልጆቹ የፈተና ውጤት መሻሻሉን አላገኙም፤ ይህንንም ሳይሸሽጉ ጻፉ። በ2000 የተቃዋሚው ወገን ሰው ቪሴንቴ ፎክስ ሲመረጡ፣ ማስረጃ ስለ ነበረው ሥራው አልፈረሰም፤ ስሙ ተለውጦ ወደ ከተማም ሰፋ። በ2019 በሌላ መንግሥት እስኪዘጋ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ።

በኬንያ ደግሞ በ1990ዎቹ ዓመታት ለገጠር ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ተሰጡ። መጽሐፍ ለተማሪ እንደሚጠቅም ማን ይጠራጠራል? ነገር ግን ሲመዘን የተጠቀሙት አስቀድሞም ጎበዞች የነበሩት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ እርሱ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ነበረ። ባንጻሩ የሆድ ትል መድኃኒት በተሰጠበት በዚያው አገር ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ልጆች ቀነሱ። ይህን የምርመራ መንገድ ያስፋፉት አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በ2015 በታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ ለብርቱ ድኾች የሚረባ ከብት ወይም ሌላ ጥሪት፣ ትምህርትና ለጊዜው የሚሆን ቀለብ በዕጣ ተሰጥቶ ነበር፤ በአገራችን የተደረገው በትግራይ ነው። ርዳታው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም ጥቅሙ ታየ። በሆንዱራስ ግን ለብዙዎች የተሰጡት ዶሮዎች በበሽታ አለቁና ትርፉ ወጪውን አልመለሰም።

«የተራበን ሰው በዕጣ ማስጠበቅ ግፍ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የልበ ርኅሩኅ ነውና አይናቅም። የሚያድን መሆኑ የታወቀ ነገር በእጅ ሞልቶ ሳለ፣ ለምርመራ ብሎ ሰውን መከልከል በእውነት ግፍ ነው። ነገር ግን ያለው ለሁሉ የማይበቃ፣ ጥቅሙም ያልታወቀ ሲሆን፣ አንዱ መቅደሙ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ዕጣ ከሹም ምርጫ ይልቅ ፍርዱ የቀና ነው። ደግሞም ተመርማሪው ሰው ነውና ሊጠየቅ፣ ሊከበር ይገባል።

እንግዲህ ነገ አንተ ሹም ወይም መምህር ስትሆን፣ አንቺም እንዲሁ፣ ለድኻ የምታስቡትን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት «መጥቀሙን በምን አውቃለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በድኻ ገንዘብ ግን የፈሰሰው ብዙ ጊዜ አይለቀምም። አሳባችሁ ተመርምሮ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ አትፈሩ፣ አትደብቁም። የሚያሳፍረው መሳሳት ሳይሆን፣ ስሕተቱን እያወቁ በድኻው ላይ መድገም ነው።