የጋዝ ባርቤኪው በቶሮንቶ፦ ከአገዛዙ እስከ አጠቃቀሙ

በአገር ቤት ክረምቱ ገብቶ የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ በሚጠበስበት ወቅት ቶሮንቶ በጋዋ ላይ ናት። ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው አጭር የሙቀት ጊዜ ምድጃው ከቤት ይወጣል፤ በየጓሮው፣ በየበረንዳውና በየመናፈሻው የጥብስ ሽታ ያውዳል። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ከሚበዙበት ከዳንፎርዝ ጎዳና የተገዛው በርበሬና ሚጥሚጣም ከዚሁ ጥብስ ላይ ያርፋል።

ለዚህ ዓይነቱ የደጅ ማብሰል በከተማዋ በስፋት የሚያገለግለው የጋዝ ባርቤኪው ነው። ከከሰል ጋር ሲነጻጸር ቶሎ ይግላል፣ እሳቱ በማዞሪያ ይጨመራል ይቀነሳል፣ አመድም የለውም። ይሁንና ከሰል አያይዞ ላደገ ሰው እንግዳ የሆኑ ሕጎችና አደጋዎች አሉት።

ፕሮፔን ወይስ የተፈጥሮ ጋዝ?

ገዢው አስቀድሞ የሚወስነው የነዳጁን ዓይነት ነው። ፕሮፔን በሲሊንደር ይገዛል፤ የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ ቤቱን ከሚያሞቀው መስመር በቱቦ ይሳባል። መስመሩ የተዘረጋለት ቤት ሲሊንደር ከመሸከምና ጋዙ በጥብሱ መሃል ከማለቁ ይገላገላል። ነገር ግን መስመሩን የሚዘረጋው ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ መሆን አለበት፤ ባርቤኪውም ከቦታው ብዙ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ለተከራይ ወይም ቤት ሊቀይር ላሰበ ሰው ፕሮፔን ይሻላል። የሁለቱ ጋዞች ግፊትና የሙቀት ኃይል የተለያየ በመሆኑ፣ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራን ባርቤኪው ከፕሮፔን ሲሊንደር ጋር ማገናኘት ነበልባሉን ከልክ በላይ ያስወጣል። በርካሽ የተገኘ ያገለገለ ባርቤኪው ሲገዛ በመጀመሪያ መታየት ያለበትም ይኸው ነው።

በአዲስ አበባ «ቡታጋዝ» እየተባለ የሚጠራው የማብሰያ ጋዝ በአብዛኛው የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ነው። ቡቴን የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ በፈሳሽነቱ ይቀራል። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ ለካናዳ ብርድ የተመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። በጥር ወር በረዶ ጠርገው የሚጠብሱ የቶሮንቶ ነዋሪዎች ጥቂት አይደሉም። ብርዱ ሲጠነክር ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚወርድ፣ በተለይ ጋዙ እየጎደለ ሲሄድ፣ ነበልባሉ ይደክማል።

የቁጥር ጋጋታ

በመደብር ውስጥ ዓይን የሚስበው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የቢቲዩ ቁጥር ነው። ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ባርቤኪው በአንድ ሰዓት የሚያቃጥለውን ነዳጅ እንጂ የጥብሱን ጥራት አይናገርም። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ከማብሰያው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ነው። ለአንድ ስኩዌር ኢንች ከ80 እስከ 100 ቢቲዩ በቂ ነው ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ስሌት 450 ስኩዌር ኢንች ስፋት ያለው፣ ለአንድ ቤተሰብና ለጥቂት እንግዶች የሚበቃ ባርቤኪው 36,000 ቢቲዩ ቢኖረው ያንሰዋል አይባልም። ክዳኑ ወፍራምና በደንብ የሚገጥም ከሆነ ከዚያ ባነሰም ይሠራል። ክዳኑ እየተንገጫገጨ ሙቀት የሚያፈስ ከሆነ ግን የቢቲዩው ብዛት ጋዝ ከመፍጀት በቀር የሚፈይደው የለም።

ከቁጥሩ ይልቅ ማቃጠያውንና ፍርግርጉን በእጅ ነክቶ ማየት ይበጃል። ቶሎ የሚያረጀው ማቃጠያው ነውና ከማይዝግ ብረት የተሠራና ረጅም ዋስትና ያለው ይመረጣል። የብረት ድስት ከሚሠራበት ዓይነት ከባድ ብረት የተሠራ ፍርግርግ ሙቀት አምቆ ይይዛል፤ ለጎድንና ለወፍራም ሥጋ ተስማሚ ነው፤ ዘይት ካልተቀባ ግን ይዝጋል። ሌላው መታሰብ ያለበት የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። ኦንታሪዮ የባርቤኪው አምራቾች መኖሪያ ናት፤ በ1976 የተመሠረተው ናፖሊዮን መቀመጫው ከቶሮንቶ በስተሰሜን በባሪ ከተማ ሲሆን፣ የብሮይል ኪንግ አምራችም በዋተርሉ ይገኛል። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ባርቤኪው ከሁለት ክረምት በኋላ ማቃጠያው ሲበሰብስ ምትክ አጥቶ ይጣላል፤ ርካሹም ውድ ይሆናል።

የጎን ምድጃ ያለው ባርቤኪው ለብዙ ካናዳውያን ቅንጦት ነው። ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ግን ከሁሉም በላይ የሚያገለግለው ክፍል ሊሆን ይችላል። ቡና ሲቆላ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ በርበሬ ሲታመስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ደወል የማይጮህበት፣ ጎረቤትም በር የማያንኳኳበት ቦታ ይኸው ነው።

ሲሊንደሩና ሕጉ

የተለመደው ሲሊንደር ሲሞላ 20 ፓውንድ ወይም 9 ኪሎ ግራም ያህል ፕሮፔን ይይዛል። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ የሚሞላው እስከ 80 በመቶ ብቻ ነው። 30,000 ቢቲዩ የሚፈጅ ባርቤኪው ሁሉም ማቃጠያዎቹ ተከፍተው ቢሠራ አንድ ሙሉ ሲሊንደር 14 ሰዓት ገደማ ያገለግለዋል። የቀረውን ጋዝ ለማወቅ ሲሊንደሩን መመዘን ይቻላል፤ የባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ «ቲ ደብሊው» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አጠገብ ተቀርጿል። በዚያው አንገት ላይ የተሠራበት ወርና ዓመተ ምሕረትም አለ። በካናዳ ሲሊንደር በየ10 ዓመቱ እንደገና መመርመር ወይም መለወጥ አለበት፤ ጊዜው ያለፈበትን ሞልቶ መስጠት አይፈቀድም።

ከሕጉ ሁሉ ብዙ ክርክር የሚያስነሳው የበረንዳው ጉዳይ ነው። በኦንታሪዮ የጋዝ ደህንነትን የሚቆጣጠረው የቴክኒክ ደረጃዎችና ደህንነት ባለሥልጣን በረንዳ ላይ የፕሮፔን ባርቤኪው መጠቀምን ጨርሶ አይከለክልም፤ ቅድመ ሁኔታዎች ግን አሉት። በረንዳው በግድግዳ ያልተዘጋ፣ አየር የሚዘልቀው መሆን አለበት። የሲሊንደሩ ግፊት ማስተንፈሻ ከበታቹ ካለ የሕንፃው ክፍት ቦታ ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ከሕንፃው የአየር መሳቢያ ደግሞ ሦስት ሜትር ይርቃል። ሲሊንደሩ ወደ ላይ የሚወጣው በዕቃ ሊፍት ነው፤ የዕቃ ሊፍት ከሌለ በሰው ሊፍት ይወጣል፣ ተሸካሚው ግን ብቻውን ይሳፈራል እንጂ ሌላ ሰው አብሮት አይገባም። ይህ ሁሉ ተሟልቶም የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ወይም አከራዩ በራሱ ደንብ ሊከለክል ይችላል፤ ብዙዎቹም ይከለክላሉ። ስለዚህ የኪራይ ውሉ መነበብ ያለበት ባርቤኪው ከመገዛቱ በፊት ነው። ለተከለከለበት ሰው የኤሌክትሪክ መጥበሻ ይቀርለታል፤ ሽታው ቢያንስም ጥብሱ ጥብስ ነው።

ቁጥጥሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. (እ.አ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2008) ከሌሊቱ በቶሮንቶ ዳውንስቪው አካባቢ በሚገኝ የፕሮፔን ማከፋፈያ የደረሰው ፍንዳታ አንድ ሠራተኛ ገድሏል። በቦታው የተሰማራ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛም በልብ ሕመም ሞቷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም በሌሊት ልብሳቸው ከቤታቸው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ኦንታሪዮ የፕሮፔን ሕጎቿን አጥብቃለች።

ማከፋፈያን የሚያህል ነገር ከጓሮ ሲሊንደር ጋር አይወዳደርም። የጋዙ ጠባይ ግን አንድ ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ ሰማይ አይበተንም፤ ወደ መሬት ወርዶ ጉድጓድ፣ ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ይተኛል። ትርፍ ሲሊንደር በቤትም ሆነ በጋራዥ የማይቀመጠው ለዚህ ነው። በመኪና ሲጓጓዝም ቆሞ፣ እንዳይወድቅ ታስሮ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሄዳል እንጂ በፀሐይ የመኪና ኮፈን ውስጥ አይረሳም።

አለኳኮስ

ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚነሳ ባርቤኪው በቀጥታ አይለኮስም። ሸረሪቶች ለጋዝ የተጨመረውን ሽታ ይወዱታል ይባላል፤ ያም ሆነ ይህ በማቃጠያው ቱቦ ውስጥ ድር ማድራታቸው የታወቀ ነው። ድሩ መንገዱን ሲዘጋ ጋዙ ወደ ኋላ ተመልሶ ከማዞሪያዎቹ ጀርባ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ቱቦው በሽቦ ይጠረጋል፤ ቀጥሎም የሳህን ማጠቢያ ሳሙና በውሃ ተበጥብጦ መገጣጠሚያውና ጎማው ይቀባል። የሲሊንደሩ ቫልቭ ሲከፈት አረፋ የሚነሳበት ቦታ ካለ ጋዝ እያፈተለከ ነው። ይህን በክብሪት መፈተሽ የጥንት ልማድ ቢሆንም የጥንት ሞኝነትም ነው።

ሲለኮስ ክዳኑ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ክዳኑ ተዘግቶ ጋዝ ከተከፈተ የተጠራቀመው ጋዝ በአንድ ብልጭታ ክዳኑን አሽቀንጥሮ ፊት ያቃጥላል። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልተያያዘ ተዘግቶ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ቫልቩ በዝግታ ይከፈት፤ ማዞሪያዎቹ ክፍት ሆነው ቫልቩ በድንገት ከተከፈተ ሬጉሌተሩ ጋዝ የሚያፈተልክ መስሎት ፍሰቱን ያንቃል። «ባርቤኪው አዲስ ነው፣ ግን አይግልም» ከሚሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው። መፍትሔው ሁሉንም ዘግቶ፣ ሲሊንደሩን ነቅሎ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና በዝግታ መጀመር ነው።

ጥብሱ

ክዳኑ ተዘግቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከጋለ በኋላ አንዱ ወገን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ወይም ጥፍት ይደረጋል። ሥጋው በጋለው ወገን ይጠቁራል፣ በቀዝቃዛው ወገን ይበስላል። ጮማ የበዛበት ጎድን ገና ከጅምሩ እሳቱ ላይ ከተጣለ የሚንጠባጠበው ስብ ነበልባል ያስነሳል፤ ውጪው ከስሎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። የተሻለው በቀዝቃዛው ወገን ክዳን ተዘግቶበት ቀስ ብሎ እንዲበስል ማድረግና በመጨረሻ ብቻ እሳት ማሳየት ነው። በርበሬና ማር ወይም ጠጅ ያለበት አዋዜም ቶሎ ያራል፤ ጭሱም ጎረቤት ያስነጥሳል። ሥጋው ሊወጣ ሲል ቢቀባ ይመረጣል።

ብዙ ቤተሰቦች የሚሞክሩት ነገር ምጣድ ወይም ትልቅ ብረት ፍርግርጉ ላይ ዘርግቶ መጥበስ ነው። እዚህ ላይ አደጋ አለ። ፍርግርጉ ሙሉ በሙሉ ሲሸፈን ወደ ላይ መውጣት ያለበት ሙቀት ወደ ታች ይመለስና ማዞሪያውን፣ ጎማውንና ሲሊንደሩን ያሞቃል፤ ነበልባሉም አየር ያጣል። ግማሽ ያህሉ ክፍት መተው አለበት። የሸክላ ምጣድ ደግሞ በማቃጠያዎቹ መስመር ብቻ ስለሚግል ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እንጀራም እኩል ሙቀት ስለሚፈልግ ዓይኑ አያምርም። ለእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይቆይ።

በካናዳ ጤና ጥበቃ መመሪያ መሠረት የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የዶሮ ብልት 74 ዲግሪ፣ ዓሣ 70 ዲግሪ መድረስ አለበት። ያልተፈጨ የበሬና የበግ ሥጋ ከ63 ዲግሪ ጀምሮ ለስላሳ ሆኖ ሊበላ ይችላል። በተፈጨ ሥጋ ጥብቅ የሆኑበት ምክንያት ከላይ ያለው ተህዋስ ሲፈጭ ወደ ውስጥ ስለሚደባለቅ ነው። ቀለም አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ሥጋ ሳይበስልም ሊቡንን፣ በስሎም ሊቀላ ይችላልና ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ጥሬው የመጣበት ሳህን ለበሰለው አይመለስም።

ስብ እሳት ከያዘ ውሃ አይደፋበትም። ጋዙ ይዘጋል፣ ክዳኑ ይከደናል፣ እስኪጠፋም ይጠበቃል።

ወደ ቤት ማስገባት

ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ በኢትዮጵያም ሰው ይገድላል። በካናዳ ደግሞ ቤቶች ብርድ እንዳያስገቡ ተደፍነው የተሠሩ በመሆናቸው አደጋው ይበረታል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በቶሮንቶ የጣለው የበረዶ ግግር ዝናብ ወደ 300,000 የሚጠጉ የኤሌክትሪክ ደንበኞችን ሲያጨልም ባለሥልጣናት ባርቤኪውና ጄኔሬተር ወደ ቤት እንዳይገባ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። የጋዝም ሆነ የከሰል ባርቤኪው የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ሆኖ ይጀምርና እንቅልፍ ይመስላል። በራፍ የተከፈተ ጋራዥም ደጅ አይባልም። በኦንታሪዮ ነዳጅ የሚያቃጥል ዕቃ ባለበት መኖሪያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል በሕግ ግዴታ የሆነው ከ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ነው። ለረከቦት የሚለኮሰውን ከሰልም ይኸው ይመለከተዋል።

ጥብሱ ሲያበቃ መጀመሪያ የሲሊንደሩ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ማዞሪያዎቹ ይዘጋሉ። ፍርግርጉ በሽቦ ብሩሽ ከተፋቀ የረገፈ ሽቦ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ጉሮሮና አንጀት ሊወጋ ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት። በክረምት ባርቤኪው ተሸፍኖ ውጪ ይቀመጣል፤ ወደ ጋራዥ ከገባ ሲሊንደሩ ተነቅሎ ደጅ ይቀራል። ያረጀ ሲሊንደር፣ ባዶ ቢመስልም፣ ከቤት ቆሻሻም ሆነ ከሰማያዊው መያዣ ጋር አይጣልም፤ ከተማዋ አደገኛ ቆሻሻ ወደምትቀበልባቸው ጣቢያዎች ይወሰዳል።