ከለንደን መድፍ እስከ ቶሮንቶ ደጃፍ፦ ምሰሶውን የሚተክለው ማን ነው?

ቶሮንቶ ዘመድ ያላችሁ ስትደውሉ ጠይቁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ብዙ የከተማዋና የአካባቢዋ ነዋሪ በቤቱ ፊት ያለውን የመኪና ማቆሚያ አስቆፍሮ የብረት ምሰሶ አስተክሏል። ቦላርድ ይሉታል። ማታ መኪናውን ካስገባ በኋላ ምሰሶውን ከመሬት ስቦ ያወጣና ይቆልፈዋል፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ መልሶ ያሰምጠዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ኮምፒውተር የተሞላ መኪና የሚጠበቀው በመሬት ላይ በቆመ ብረት ነው። ሲያዩት ያስቃል። ታሪኩ ግን ብዙም አያስቅም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምሰሶ ድሮ ንብረት ጠባቂ አልነበረም፤ ሰው ጠባቂ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ በብዙ ጎዳናዎች እግረኛውን ከሠረገላ የሚለየው በመደዳ የተተከለ የእንጨት ምሰሶ ነበር። ከምሰሶው ወዲህ ያለ ሰው ከፈረስ ኮቴና ከሠረገላ ጎማ ይተርፋል፤ ወዲያ ያለ ፈጣሪ ይጠብቀው። በ1762 የዌስትሚንስተር የመንገድ ንጣፍ ሕግ ከወጣ በኋላ ከፍ ብሎ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ እየተስፋፋ ሄደና የእንጨቶቹ ምሰሶዎች ቀስ በቀስ ተነሡ። የቀረው የብረቱ ነው፤ በየመንገዱ ማዕዘን ሠረገላ አቋርጦ እንዳይወጣና የግንብ ጥግ እንዳይልጥ።

እዚህ ላይ የለንደን አስጎብኚዎች የሚወዱት ተረት አለ። የድሮዎቹ ምሰሶዎች በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት ከፈረንሳይ መርከቦች የተማረኩ መድፎች ናቸው ይባላል። በከፊል እውነትነት አለው። ያረጀ መድፍ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ግማሽ አካሉ ይቀበርና በአፉ የብረት ኳስ ይወተፍበታል፤ ጥሩ ምሰሶ ይወጣዋል። ወደብ ላይ የመርከብ ገመድ ማሰሪያም ሆኖ አገልግሏል። ግን አብዛኛው የመድፍ ቅርጽ ያለው ምሰሶ መድፍ ሆኖ አያውቅም፤ ሰው ቅርጹን ስለለመደው የብረት ማቅለጫ ቤቶች አስመስለው ያወጡት ነው።

እኔን ከመድፉ ይልቅ የሚገርመኝ በምሰሶዎቹ ላይ የተጻፈው ነው። በሳውዝወርክ ሰፈር «ክሊንክ 1812» የሚል የተቀረጸባቸው ዛሬም አሉ። ክሊንክ በእስር ቤቱ የሚታወቅ ቀበሌ ነው፤ ምሰሶዎቹን ያስተከሉት ደግሞ የአካባቢው የመንገድ ንጣፍ ኃላፊዎች ናቸው። ሌሎቹም ላይ የደብር ስም ታገኛላችሁ። ምሰሶው ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ሕዝባዊ አካል ነው ማለት ነው። ወጪውን የሰፈሩ ሰው በግብር ከፍሏል፤ የተጠበቀው ግን የከፈለው ብቻ ሳይሆን ያለፈ ያገደመው ሁሉ ነው።

ወደ መኪናው እንምጣ። የመኪና ስርቆት ታሪክ ውስጥ ሁለት አገሮች አንድ ዓይነት መድኃኒት ወስደው የተለያየ ውጤት ያገኙበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ የመሪ መቆለፊያ ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ መንገድ ላይ ያለ መኪና ሁሉ እንዲገጠምለት አስገደደች። ስርቆቱ በግልጽ ወረደ። ብሪታንያ በ1971 ተከተለች፤ እሷ ግን ያዘዘችው ለአዳዲስ መኪኖች ብቻ ነው። ተመራማሪዎች በኋላ ሲመለከቱት አዳዲሶቹ መሰረቃቸው ቀንሷል፣ ሌባው ወደ አሮጌዎቹ ዞሯል። አሮጌ መኪና የሚነዳው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሀብታሙ መቆለፊያ ሲያገኝ ድሃው ሌባውን ተረከበ።

በ1992 የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንድ ብልህ ነገር አደረገ። የትኛው የመኪና ሞዴል ይበልጥ እንደሚሰረቅ የሚያሳይ ዝርዝር አውጥቶ ለሕዝብ በተነ። አምራቾች ስማቸው ሲጠራ መሯሯጥ ጀመሩ። ቀጥሎ ከ1998 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አዳዲስ መኪኖች ላይ ኢሞቢላይዘር ግዴታ ሆነ፤ ትክክለኛው ቁልፍ ካልቀረበ ሞተሩን እንዳይነሣ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ካናዳ በ2007 ተመሳሳይ ግዴታ አወጣች። ሽቦ አገናኝቶ መኪና ማስነሣት የፊልም ላይ ነገር ሆኖ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያ ምቾት መጣ። ቁልፍ ከኪስ ሳይወጣ በሩ ይከፈት፣ ቁልፉ ተጭኖ ሞተሩ ይነሣ ተባለ። ሌባው ደጅ ቆሞ በአንድ መሣሪያ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሪሞት ሞገድ ይለቅማል፤ ጓደኛው መኪናው አጠገብ ሆኖ ያንኑ ሞገድ ያስተላልፋል። መኪናው ጌታዬ መጣ ብሎ ይከፍታል። ሌላ ዘዴም ተገኘ፦ የፊት መብራቱን ፈልቅቆ ከጀርባው ባለው ሽቦ በኩል ወደ መኪናው ውስጣዊ መረብ የሐሰት ትእዛዝ ማስገባት። የአምራቾቹን ጥፋት የማየው እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ የተዘጋውን በር መልሰው የከፈቱት እነሱ ናቸው፤ ለመክፈቻውም ገዢውን ተጨማሪ አስከፍለውታል።

ቶሮንቶ በ2023 ብቻ ከ12,000 በላይ መኪና ተሰርቆባታል። በዚያው ዓመት የካናዳ ኢንሹራንሶች ለተሰረቀ መኪና የከፈሉት ካሣ ከ1.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር አልፏል። መኪናው በኮንቴይነር ታሽጎ በሞንትሪያል ወደብ ይወጣል፤ ምዕራብ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ይሸጣል። ጋና ውስጥ የካናዳ ታርጋ ተሸካሚ ሳይነቀል የተገኘ አለ። ጉዳዩ እንዲህ ከፍቶ መንግሥት በየካቲት 2024 ኦታዋ ላይ አገር አቀፍ ጉባኤ ጠራ። በቀጣዩ ወር አንድ የቶሮንቶ ፖሊስ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የሰጠው ምክር መነጋገሪያ ሆነ፦ ሌቦቹ ቁልፍ ፍለጋ ቤት ሰብረው ገብተው እንዳይጎዷችሁ ቁልፉን በሩ አጠገብ አስቀምጡላቸው።

እንግዲህ ቦላርዱ የተተከለው በዚህ መሐል ነው። ተከላው ቀላል አይደለም። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት የጋዝና የመብራት መስመር አለመኖሩ መጣራት አለበት። ብረቱ የሚገባበት ቱቦ በኮንክሪት ይያዛል፤ ከሥሩ ጠጠር ካልተደረገና ውሃ መውረጃ ካላገኘ ክረምት ላይ በረዶ ሆኖ ምሰሶውን ይጨብጠዋል። ከፍ ዝቅ የሚል ምሰሶ ሁሌም አመለኛ ነው። በኒው ኦርሊንስ የቡርቦን ጎዳና ምሰሶዎች በካርኒቫል በሚበተን የአንገት ዶቃ ሐዲዳቸው ተወትፎ ተበላሽተው ነበር፤ ጥር 1 ቀን 2025 አንድ ሰው በመኪና ሕዝብ ላይ ሲነዳ፣ ለመተካት ሥራ ላይ ነበሩ። 14 ሰው ሞተ።

የግሉ ምሰሶ ይሠራል ወይ? ያንን አንድ መኪና ያድናል፤ ሌባ ጊዜ አይወድም። ሌሊቱን ግን ባዶ እጁን አይመለስም፤ ምሰሶ የሌለው ጎረቤት አለ። የብሪታንያ የ1971 ታሪክ በአንድ ቀበሌ ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ላይ ይደገማል። በካናዳ የስርቆቱ ቁጥር በ2024 መውረድ ጀምሯል፤ በወደብ ኮንቴይነር መፈተሽ ተጠናክሯል፣ የሚፈለጉ መኪኖች መረጃም ከኢንተርፖል ጋር ተያይዟል። እኔ ከእያንዳንዱ ደጃፍ ብረት ይልቅ በዚህ አምናለሁ።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ስፖኪዮ እንዳይነቀል ዘበኛ እንቀጥራለን፣ ኮንዶሚኒየሙ በየወሩ አዋጥቶ ጥበቃ ያሳድራል። ያዋጣው ይጠበቃል፤ ከግቢው ውጪ መንገድ ዳር የሚያሳድረው ባለ አሮጌ ቪትዝ የራሱ ጉዳይ ነው። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ መንገዱን እየሞሉት ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ ብዙዎቹ በሪሞት፣ በካርድ ወይም በስልክ የሚከፈቱ። ጉምሩክ ሲገቡ ቀረጣቸውን ያሰላል። ቁልፋቸው ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚፈትሽልን የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።