በደጋ ላይ የሞተርን ውስጣዊ ጉዳት መለየት፦ የደብረ ብርሃን፣ የጣርማ በርና የአንኮበር መንገዶች እንደ ማሳያ

የሞተር ውስጣዊ ጉዳት የሚባለው ሞተሩ ካልተፈታ በዓይን የማይታየው የፋሻ፣ የፒስተን፣ የቫልቭ፣ የብሮንዚን፣ የኮሎ ወይም የቴስታታ ጋስኬት መበላሸት ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ የትም ቦታ ቢሆን ሥርዓት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርበታል፦ የታየው ምልክት የመጣው ከተጎዳ ብረት ነው ወይስ ከሳሳ አየር? ሁለቱ ካልተለያዩ ጤነኛው ሞተር ያለ አግባብ ይወርዳል፤ የተጎዳውም «ደጋ ስለሆነ ነው» እየተባለ እስኪሰበር ይነዳል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ኑሮው በመኪናው ላይ የቆመ ቤተሰብ ነው።

መንገዱና ጫናው

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በር፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቆፈረው ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድም በአጭር ርቀት ከደጋ ወደ ቆላ ያደርሳል።

ከሸዋ ሮቢት ጭኖ የሚወጣ መኪና ከ1,700 ሜትር በላይ የሆነውን ዳገት በከባድ ማርሽ ይያያዘዋል። ዳገቱም ሞተሩን ለረጅም ጊዜ ከሙሉ ጫና አያሳርፈውም። በእንዲህ ያለ ሥራ ፒስተንና የጭስ ማውጫ ቫልቭ ከመጠን በላይ ይግላሉ፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ በብሮንዚን ላይ ያለው ጫናም ይበረታል። ዳገቱ እንዳለቀ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ደግሞ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረውን ዘይት ወደ ጥላሸት ይለውጠዋል።

ቁልቁለቱ ሌላ ዓይነት ጉዳት አለው። አሽከርካሪው በፍጥነት ላይ እያለ ዝቅተኛ ማርሽ ካስገባ ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጁ ሳይሆን ጎማው ነው። የነዳጅ መቆጣጠሪያው ይህን ሊገታው አይችልም። ከልክ በላይ የፈጠነ ሞተር ቫልቮቹ በጊዜያቸው ስለማይዘጉ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፤ ይጣመማሉ። ስለዚህ የምርመራው መጀመሪያ መፍቻ ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ ምልክቱ የታየው ዳገት ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት? ውሃው ፈልቶ ነበር? የዘይት መብራት በርቶ ነበር?

የሳሳ አየር የሚያሳስትባቸው ሦስት ምልክቶች

በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 71 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ጭስ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በቆላ የተስተካከለለትን ናፍጣ በደጋ ሲቀበል አየሩ ስለማይበቃው ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህ ብቻውን የፋሻ ማለቅ ምልክት አይደለም። ሳይቋረጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጠዋት የሚታይ ነጭ ጭስ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ አያሳስብም፤ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ የቴስታታ ጋስኬት ይጠረጠራል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ሌላ ምንም ያልተበላሸ ሞተር ውሃ ሊያፈላ ስለሚችል፣ ጋስኬት ከመወቀሱ በፊት ክዳኑ ይፈተሻል።

ሦስተኛውና ይበልጥ የሚያሳስተው የኮምፕረሽን ልክ ነው። በባሕር ወለል 28 ባር የሚያሳይ ጤነኛ የናፍጣ ሞተር በደብረ ብርሃን 20 ባር አካባቢ ቢያሳይ ምንም አልጎደለውም፤ የሚጨምቀው አየር ገና ሲገባ የሳሳ ነውና። የአምራቹን ቁጥር ያለ ማስተካከያ የያዘ መካኒክ በዚህ ልክ ሞተሩን አልቋል ሊለው ይችላል። በደጋ ይበልጥ የሚያስተማምነው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ሁሉም በእኩል ዝቅ ካሉ ከፍታው አስቀድሞ ይታሰባል። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ካነሰ ግን ምክንያቱ አየሩ ሊሆን አይችልም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ምንም ከማይፈታበት ወደሚፈታበት ይሄዳል። በቅድሚያ ዘይቱ ይታያል። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል፤ ናፍጣ የሚሸትና ልኩ ከፍ ያለ ዘይት ከኢንጄክተር ወይም ከናፍጣ ፓምፕ ናፍጣ ገብቶበታል። የዘይት ማጣሪያው ተቀዶ ወረቀቱ ሲዘረጋ ነሐስ መሳይ ቅንጣት ብሮንዚንን፣ ነጭና ቀላል አሉሚኒየም ፒስተንን፣ ማግኔት የሚስበው ብረት ሲሊንደርን ወይም ኮሎን ያስጠረጥራል።

ቀጥሎ ድምፅ ይደመጣል። ጫና ሲበዛ የሚጎላ ጥልቅ ምት ከብሮንዚን፣ ሲቀዘቅዝ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚቀንስ ከላላ ፒስተን፣ ቀጭንና ፈጣን ምት ከቫልቭ በኩል ይመጣል። በአሮጌ የናፍጣ ሞተሮች የአንዱ ኢንጄክተር ቧንቧ ላላ ተደርጎ ድምፁ ከተለወጠ የተጎዳው ሲሊንደር ይታወቃል። በኮመን ሬይል ሞተር ግን ይህ ፈጽሞ አይሞከርም፤ በቧንቧው ያለው ግፊት ቆዳ በስቶ ናፍጣ ወደ ሰውነት ያስገባል። የዘይት ግፊትም በዳሽቦርዱ መብራት ሳይሆን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በተገጠመ ሜካኒካል ጌጅ ይለካል።

ኮምፕረሽኑ ያነሰው ሲሊንደር ሲታወቅ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው፣ የታመቀ አየር ይሰጠዋል። አየሩ በአየር ማስገቢያው ካፏጨ የማስገቢያ ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫው ካፏጨ የማስወጫ ቫልቭ አልገጠመም። በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ ወይም ፒስተን፣ በራዲያተሩ አረፋ ካስነሳ ጋስኬት ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። የሚለካው የሚያመልጠው አየር ድርሻ ስለሆነ ይህን ምርመራ ከፍታ ብዙም አያዛባውም፤ በደጋ ዋናው ዳኛ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። በመጨረሻ በኢንጄክተሩ ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ ገብቶ የፒስተኑ ራስና የሲሊንደሩ ግድግዳ ይታያሉ።

ሞተር የሚወርደው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ወደ አንድ ጉዳት ሲያመለክቱ ነው። ከተፈታም በኋላ የተበላውን ብሮንዚን መቀየር ብቻውን አይበቃም። ዘይቱ ለምን አልደረሰውም የሚለው ካልተመለሰ አዲሱም ይበላል። በደጋ ከተሞች ያሉ ጋራዦች የእያንዳንዱን ዓይነት ጤነኛ ሞተር ኮምፕረሽን እዚያው ለክተው ቢመዘግቡ፣ ከአምራቹ መመሪያ ይልቅ ለአካባቢያቸው የሚስማማ መለኪያ ይኖራቸዋል፤ ቀጣዩ ፍርድም በግምት ሳይሆን በዚያ መዝገብ ላይ ይቆማል።